የሐበሻ ጥድ ዘር አልበቅል ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው መደብ ማዘጋጀት፣ ጥላ መሥራትና ማጠጣት ለምታውቁ ነው። ጎንደር ውስጥ ጥድ ለማፍላት የሚሞክር ሰው ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ገብቶ እነዚያን ትልልቅ ጥዶች ያየ ሰው ግቢው ውስጥም እንዲኖሩት ይመኛል። ከዚያ «ዘሩ እምቢ አለ» ብሎ ይደውላል። እኔ ግን መደቡን ከማየቴ በፊት ዘሩ የተለቀመበትን ዛፍ አሳዩኝ እላለሁ።

ዛፉ ትልቅና ጤናማ ነው፣ ግን ፍሬ የለውም

ወንዴ ስለሆነ ነው። የሐበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴው በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ሁለቱንም የያዘ ዛፍ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ወንዴው ቀንበጡ ጫፍ ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የምትሆን ቢጫማ እንቡጥ ያወጣል። ሲደርስ ቅርንጫፉን መታ ብታደርጉት ቢጫ ብናኝ ቡን ይላል። ያን ብናኝ ወደ ሴቴው የሚያደርሰው ነፋስ ነው፤ የንብ ሥራ አይደለም።

መፍትሄው ዛፉን መተው ነው። እባካችሁ አትቁረጡት! አንድ ቅጥር ውስጥ «ይኼ መካን ነው፣ ቦታ ይዞብናል» ተብሎ ብቸኛው ወንዴ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ የሴቴዎቹ ፍሬ ሳሳ። የተለቀመውንም ዘር በምላጭ ስንሰነጥቀው አብዛኛው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዛፍ መልሶ እስኪያድግ ስንት ዘመን እንደሚጠብቁ አስቡት። ወንዴ ጥድ ባለበት ግቢ ሁሉ ይህን እደጋግማለሁ፤ አትቁረጡት።

ዘሩ ተዘራ፣ ውሃ ጠጣ፣ ምንም አልወጣም

ዋናው ችግር ይኼ ነው። ከሚደወልልኝ አብዛኛው ስለዚህ ነው። መንስኤውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አለቃቀሙ ላይ ነው።

የሐበሻ ጥድ ፍሬ ለመብሰል ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ ዛፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ቅርንጫፍ ላይ፣ ያምናው የበሰለ ፍሬና የዘንድሮው ጥሬ አብረው ይታያሉ። ለቃሚው በኪሎ የሚከፈለው ከሆነ ቅርንጫፉን ጨብጦ ይመጠምጠዋል። ጥሬው፣ የበሰለው፣ ቅጠሉ፣ ስንጥሩ ሁሉም ጆንያ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ ችግኝ ጣቢያ ተጠርቼ ሄድኩ። መደቡ ያማረ፣ ጥላው የተስተካከለ፣ ሠራተኞቹም ትጉህ ነበሩ። የተረፈውን ዘር አምጡ ብዬ ጆንያውን ዘርግፌ ሳየው ከግማሽ በላይ አረንጓዴ ፍሬ ነው። ያ ሁሉ ውሃና ጉልበት የወጣው ለጥሬ ፍሬ ነበር። በጣም ነው ያናደደኝ።

የበሰለ ፍሬ ከ4 እስከ 8 ሚሊሜትር ይሆናል። ቀለሙ ወደ ጥቁር ያደላ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይም በጣት ሲያሹት የሚለቅ ነጭ ሽፋን አለው። አረንጓዴ ያለበትን ፍሬ ተዉት። ገና ነው። ወሩን አትዩ፣ ፍሬውን እዩ።

ሁለተኛው ጥፋት ፍሬውን እንዳለ መዝራት ነው። በውስጡ ከ2 እስከ 5 ዘር አለ፤ ዙሪያውን ሙጫ ያለው ሥጋ ይዞታል። ዱር ውስጥ ይህን ሥጋ የሚያነሳለት ወፍ ነው፤ በልቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥለዋል። በአጥር ሥርና ከወይራ በታች ያልተተከለ ጥድ በቅሎ የምታዩት ለዚህ ነው። እናንተ ደግሞ ፍሬውን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ በማግስቱ ከአሸዋ ጋር አሹት፣ ሥጋው እስኪለቅ እጠቡት።

ከዚያ የታጠበውን ዘር ውሃ ውስጥ ጨምሩ። የሚንሳፈፈውን ድፉት፤ ባዶ ነው። የሰመጠውንም ዝም ብላችሁ አትመኑት። ጥቂት ዘር አንሡና በምላጭ ሰንጥቁ። ውስጡ ነጭና ሙሉ ከሆነ ዝሩት። ቡናማና የተጨማደደ ወይም ባዶ ከሆነ አትልፉ፤ ሌላ ዛፍ ፈልጉ፣ አጠገቡ ወንዴ ያለው መሆኑንም አረጋግጡ።

ዘርታችሁ በሳምንት ውስጥ አልወጣም ብላችሁ መደቡን አትቆፍሩ። ጥድ ሳምንታት ይፈልጋል።

የበቀለው ሌላ ዛፍ ነው

ከገበያ የተገዛ ዘር ነዋ! የፈረንጅ ጥድ ተቀላቅሎበታል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ደረቅና እንጨት የሆነ ድቡልቡል ነው፤ ተሰንጥቆ ዘሩን ይበትናል። የሐበሻው ለስላሳ ነው፣ አይሰነጠቅም። ፍሬውን ሳታዩ ዘር አትግዙ።

ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትን ሁሉ አደረግሁ፣ አልሆነም

ያነበባችሁት ስለ ሌላ ዛፍ ነው። አንድ ጎበዝ ወጣት ስለ አሜሪካው ሄምሎክ የተጻፈ መመሪያ ይዞ መጣ። ሄምሎክ ወንዴና ሴቴውን በአንድ ዛፍ ላይ ይይዛል። በፀደያቸው ብናኙን ይለቃል፤ ፍሬው በዚያው ዓመት በስሎ በበልጋቸው ይከፈታል። ዘሩ ክንፍ ስላለው የሚበትነው ነፋስ ነው፤ ለመብቀልም ለሳምንታት እርጥብ ቅዝቃዜ ያሻዋል። መመሪያው ለዛፉ ትክክል ነው። ልጁ ግን የእኛ ፍሬ ተከፍቶ ዘሩን እስኪበትን ይጠብቅ ነበር። የሐበሻ ጥድ ፍሬ አይከፈትም፣ ዘሩም ክንፍ የለውም።

በቅሎ ይወድቃል

ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ጠቁሮ ከወደቀ ውሃ በዝቶበታል። ውሃ ቀንሱ፣ ጥላውን አሳሱ፣ አፈሩ ላይ አሸዋ ጨምሩ። የወደቀውን ነቅላችሁ ከመደቡ አርቁ።

ችግኙ የተተከለበትን ፕላስቲክም እዩት። ሥሩ ቀዳዳ የሌለው ፕላስቲክ ውሃ ያቁራል። ስስ ፕላስቲክ ደግሞ ችግኙን ስታነሱ ይተረተራል፤ አፈሩ ይፈሳል፣ ሥሩ ይራቆታል። ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙት።

ቀንበጡ ከውስጥ በኩል ቡናማ ሆኖ ከደረቀና ጥቃቅን ነፍሳት ተጣብቀውበት ካያችሁ፣ የጥድ ክሽክሽ ሊሆን ስለሚችል የግብርና ባለሙያ ጥሩ።

ስትተክሉ

ችግኙ ወደ መሬት የሚወርደው ክረምቱ አፈሩን በደንብ ካራሰው በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ችግኝ እያለ ወንዴና ሴቴው አይለይም። ስለዚህ አንድ ብቻ አትትከሉ። ቦታ ካላችሁ ብዙ አድርጉ፤ ከሌላችሁ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩና በአጥሩ ግራና ቀኝ ትከሉ። ብናኙ አጥር አይከለክለውም። ፍየሉን ግን አጥሩ ይከልክል።