ፕሮጀክቱ ሲዘጋ፣ ሰፈሩም ሲነሳ፦ የማሲንቆ ቡድናችንን ያቆየንበት መንገድ

አባቴ ከወሎ መጥቶ ካዛንቺስ ውስጥ ማሲንቆ ይመታ ነበር። ማታ አዝማሪ ቤት ይሠራል፤ ቀን በራፋችን ላይ ቁጭ ብሎ የሰፈር ልጆችን ያስተምራል። እሱ ካረፈ በኋላ ልጆቹን መሰብሰብ የኔ ተራ ሆነ። ይኸው 11 ዓመት ሞላኝ። በዚህ መሀል ሁለት ጊዜ ልንበተን ደርሰን ተርፈናል። የአገራችሁን ዜማ ወይም ጭፈራ ይዛችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች የምትሰበስቡ ካላችሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘብ። አንድ ድርጅት ለአንድ ዓመት ተኩል ፈንድ ሰጥቶን ነበር። አዳራሽ ተከራየን። ለአስተማሪዎች አበል፣ ለልጆች ትራንስፖርት መክፈል ጀመርን። ቀድሞ እናቶች በየተራ ቡና ያፈሉልን ነበር፤ ሻይ ቡናው በበጀት ሲሆን እነሱም ተዉት። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አበሉ ቀረ፣ ቡናው ግን አልተመለሰም። ከ30 በላይ ከነበሩት ልጆች 7 ቀሩ። በነሱ ነው እንደገና የጀመርነው።

ስለዚህ ከእድር ተማሩ። እድር ማንም ፈንድ አይሰጠውም፤ ግን አለ። መዋጮ ይኑራችሁ፣ ደብተር ይኑራችሁ፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ይለያዩ። እኛ 26 ቤተሰብ ነን፤ በወር 100 ብር እናዋጣለን። 2,600 ብር ለጭራና ለቆዳ፣ ለሽማግሌው አስተማሪያችን ታክሲ ይበቃል። መክፈል ያልቻለ በጉልበቱ ያግዛል፤ አንድ አናጢ አባት የማሲንቆ ሣጥን ይሠራልናል። በመዋጮ የማትሸፍኑትን የየወር ወጪ በፍጹም አትጀምሩ። ድጋፍ ከመጣ ተቀበሉ፤ ግን አንዴ ተገዝቶ ለሚቀር ነገር አውሉት፤ ለክራር፣ ለከበሮ፣ ለመቅረጫ። ማኅበር መሆንን አትናቁት፤ ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ቴአትርም በ1927 ዓ.ም. ሲጀመር ማኅበር ነበር።

ሠርግና ምርቃት ላይ ከተጠራችሁ ዋጋ ቁረጡ። ከክፍያው ሲሶውን ለቡድኑ፣ ሌላውን ለተጫዋቾቹ። ልጁ ግንባር ላይ የተለጠፈው ብር ግን የልጁ ነው። ወደ ቡድኑ ሣጥን አታስገቡት፤ ሰውየው የሸለመው እሱን ነው። በዚህ ጉዳይ ተጣልተን እናውቃለን፤ አሁንም አቋሜ ያው ነው።

ሕጋዊ መሆን ከፈለጋችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011ን አንብቡ። ለማኅበር 5 መሥራች አባላት ይበቃሉ፤ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትም ይፈቅዳል።

ከገንዘቡ ይልቅ የከበደን ቦታው ነው። በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳ ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ፤ እኔ አራት ኪሎ ተከራየሁ። ሦስት ወር ሙሉ አዳራሽ ፍለጋ ተንከራተትኩ። ያን ሰሞን እናቴ ለማርያም ማኅበሯ ልትሄድ ነጠላዋን ስትለብስ አየኋት። የነሱም ማኅበርተኞች በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ማኅበሩ ግን አንድ ወር አልታጎለም። ጽዋው ከተረኛ ወደ ተረኛ ይሄዳል። ቤቱ ይለዋወጣል፣ 21 ግን 21 ነው።

እኛም ቀን ቆረጥን። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ 8 ሰዓት እኔ ቤት፣ ከሁሉም አቅጣጫ ታክሲ ስለሚገኝ። ሦስተኛው እሑድ ገላን ጉራ፣ ተረኛው ቤት። ሁለት ልጅ ብቻ ቢመጣም ቀኑን አታስተላልፉ። አንዴ ካስተላለፋችሁ ሰው ሁሉ እየደወለ «ዛሬ አለ ወይ?» ማለት ይጀምራል።

ገላን ጉራ አዲስ ጎረቤት አለ፤ ልጆቻቸው ድምፅ ሰምተው በር ላይ ቆሙ። ጋሞ አለ፣ ጉራጌ አለ፣ ኦሮሞ አለ። እኔ መጀመሪያ የወሎ ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። አሁን ግማሽ ሰዓቱ የተረኛው ቤት ዜማ ነው። አያቶች የሚያውቁትን ያወጣሉ፣ ልጆቹ በማሲንቆ ይከተሏቸዋል።

ትምህርቱን ደግሞ በቅኝት፣ በዜማው ስልት፣ አትጀምሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ብትጽፉ ልጁ ስልኩን ያወጣል። በ«ተቀበል» ጀምሩ። ልጁ ሁለት ስንኝ ይስጥ፣ አስተማሪው ተቀብሎ ይዝፈነው። የገዛ ቃሉን በዜማ ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። የአንዷ ልጅ ግጥም ይኸው፦

ወያላው ሲጣራ ገላን ጉራ ብሎ፣
ልቤ ወደኋላ ቀረ ተንጠልጥሎ።

ይህን የሰጠች ልጅ በሚቀጥለው ስንገናኝ ቅኝቱን ራሷ ጠየቀችኝ። ያኔ አምባሰልና ባቲ የወሎ አገሮች መሆናቸውን በካርታ አሳየኋት። ልጆቹን አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ውሰዷቸው። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የአገሩን የሙዚቃ መሣሪያዎች ያሳያል። ሲመለሱ የያዙትን መሣሪያ በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት።

አዛውንቶችን አሁኑኑ ቅረጹ፤ ስልክ ይበቃል። ስማቸውን፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ ከማን እንደተማሩ፣ ቀኑን መጀመሪያ ላይ ራሳቸው ይናገሩ። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ። ከዋኝ፣ ማለትም የሚዘፍነው ወይም የሚጫወተው ሰው፣ በከወነው ላይ መብት እንዳለው የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖርም ያው ነው። አንዲት እናት ለወንድማቸው ያወጡትን ሙሾ ቀርጸን ነበር፤ «ለናንተ ነው እንጂ ለአደባባይ አይደለም» አሉን። አልወጣም፣ አይወጣምም።

ደብተሩና ቅጂው አንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። የኛን ሁለተኛ ቅጂ የምትይዘው የ19 ዓመት ልጅ ናት።

የፊታችን እሑድ ሦስተኛው ነው። ተረኛዋ የጋሞ እናት ናት፤ የአገሯን የሠርግ ዜማ ላሰማችሁ ብላለች። እኔ ከሰል ይዤ እሄዳለሁ። ክረምቱ ገብቷል፣ የማሲንቆው ቆዳ ካልሞቀ ይላላል።