የቤት መግቢያ በረዶ አልነሳ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚያርፈውንም፣ ረግቶ እንደ መስታወት የሚያንሸራትተውንም በአንድ ቃል «በረዶ» እንለዋለን። አገር ቤት ሳለን ይህ ቃል ይበቃን ነበር፤ በረዶ ሲጥል የምንሰጋው ለሰብሉ ነው፣ የወረደውም ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ዙሪያ ግን በአንድ ወቅት በአማካይ 50 ኢንች፣ ማለትም 1 ሜትር ከ27 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ስለሚወርድ፣ እዚህ ቤት ገዝቶ ለሚኖር ሰው አንዱ ቃል አይበቃውም። ደረቁ ብናኝ፣ ውሃ ያዘለው ከባድ በረዶ፣ በመኪና ጎማ የተጠቀጠቀውና ግግሩ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለአንዱ የሚሠራው መሣሪያም ለሌላው አይሠራም። ወገኖቻችን ድራይቭዌያቸውን፣ ማለትም ከመንገዱ እስከ ጋራዡ ያለውን የመኪና መግቢያ ሲጠርጉ የሚገጥማቸው አብዛኛው ችግር፣ እኔ እንዳየሁት፣ መሣሪያውን መሬት ላይ ያለውን በረዶ አይተው ሳይሆን ዋጋውን አይተው ወይም ጎረቤት ስለገዛው ከመምረጣቸው የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ጓንትዎን እንዳጠለቁ አንድ እፍኝ በረዶ ዘግነው ይጭመቁ። እጅዎን ሲከፍቱ እንደ ዱቄት የሚበተን ከሆነ ደረቅ ነው። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ውሃ ይዟል፤ በጣቶችዎ መካከል ጠብ ጠብ ካለ ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በዚህ ምርመራ ላይ የቆመ ነው።

ግማሹን ሳይጨርሱ ወገብ ይያዛል፣ ትንፋሽ ያጥራል

ምክንያቱ የሚነሳውን ክብደት አለመገመት ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስገባ፣ 6 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ርዝመት ያለው መግቢያ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር በረዶ ቢወርድ፣ የሚነሳው ወደ 11 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ አንዱ ሜትር ኩብ ደረቅ ከሆነ 100 ኪሎ ያህል ቢመዝን፣ ጠቅላላው ከ10 ኩንታል በላይ ነው ማለት ነው። በመጋቢት እንደሚወርደው ውሃ ያዘለ በረዶ 250 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ግን ያው መግቢያ 27 ኩንታል ይሸከማል። 27 ኩንታል ጤፍ ከአይሱዙ ላይ ለማራገፍ ጫኝና አውራጅ በቡድን ይመጣል እንጂ፣ ከሌሊት ሥራ የተመለሰ አንድ ሰው ቁርሱን ሳይበላ ብቻውን አይጀምረውም።

በአካፋ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው መፍትሔ ማንሳቱን ትቶ መግፋት ነው። ለመግፋት የሚሆነው ሰፊና ጎባጣ አካፋ በረዶውን እስከ ዳር ይወስደዋል፤ ለማንሳት ደግሞ አፉ ጠበብ ያለ፣ ቢሞላም ክንድ የሚችለው አካፋ ያስፈልጋል። በሰፊው አካፋ ሞልቶ ማንሳትና ወገብን ጠምዝዞ ወደ ጎን መወርወር ወገብን የሚጎዳው ዋናው ስህተት ነው። ሁለተኛው መፍትሔ ዝናቡ እስኪያባራ እንደሚጠበቀው ሁሉ በረዶው እስኪያቆም አለመጠበቅ ነው፤ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር በደረሰ ቁጥር ወጥቶ መጥረግ ያንኑ 27 ኩንታል በሁለት ዙር ይከፍለዋል፣ በመሃልም ሰውነት ያርፋል።

ስለ ልብ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ብርድ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ክብደት በክንድ ማንሳት በዚያ ላይ ሲጨመር ልብ በአንድ ጊዜ ሁለት ሸክም ይወድቅበታል። የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ በተለይም ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው፣ ሐኪሙን ሳያማክር አካፋ ማንሳት የለበትም። ደረት ሲጨንቅ፣ ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲዘልቅ፣ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቅ ሥራውን እዚያው አቁሞ 911 መደወል ይገባል፤ «ትንሽ ነው የቀረኝ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

መግቢያዎ ከሁለት መኪና ርዝመት የማይበልጥና ጤናዎም የተሟላ ከሆነ ጥሩ አካፋ ይበቃዎታል። ከዚያ በላይ ከሆነ ስኖው ብሎወር የሚባለውን፣ በረዶውን ሰብስቦ ወደ ጎን የሚወረውረውን ማሽን ማሰብ ተገቢ ነው፤ ምርጫው ግን በመሬቱ ዓይነት ይወሰናል። ባለ አንድ ደረጃው ማሽን የጎማ ምላሱ መሬት እየነካ ስለሚጠርግ አስፋልትና ኮንክሪት ላይ እጅግ ንጹሕ አድርጎ ያወጣል፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ በረዶም ይሆናል፤ ጠጠር በፈሰሰበት መግቢያ ላይ ግን ድንጋዩን እያነሳ ይወረውራልና ፈጽሞ አይሆንም። ባለ ሁለት ደረጃው በብረት ጥምዝምዙ በረዶውን ሰብስቦ ይፈጭና ከኋላ ባለው ማራገቢያ አርቆ ይወረውረዋል፤ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይችላል፣ ጎማውም በሞተር ስለሚሽከረከር መግፋት አይፈልግም፣ ከሥሩ ያሉትን የብረት ጫማዎች ከፍ በማድረግም ጠጠር ላይ መሥራት ይችላል። በዚህ ከተማ ሁለት መኪና የሚያስገባ መግቢያና በቂ ጋራዥ ላለው ሰው እኔ የምመርጥለት 24 ኢንች የሚጠርገውን ባለ ሁለት ደረጃ ማሽን ነው። በባትሪ የሚሠሩት ድምፃቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ከንጋት በፊት ለሚወጣ ሰው ይመቻሉ፤ ባትሪው ግን ብርድ ላይ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ማሽኑን ጋራዥ ትቶ ባትሪውን ቤት ውስጥ ማሳደር ያስፈልጋል።

በረዶው አካፋው ላይ ይጣበቃል፣ የማሽኑም አፍ ይደፈናል

አካፋው ቤት ውስጥ ካደረ ሙቀቱ የነካውን በረዶ ያቀልጥና ወዲያው መልሶ ያረጋዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ሁሉ በላዩ እየተደረበ አካፋው ባዶውን እንኳን ይከብዳል። ከመጀመርዎ ሩብ ሰዓት በፊት አካፋውን ደጅ አውጥተው ያቀዝቅዙት፣ ፊቱንም በሻማ በደንብ ይሹት። እኔ ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ የጧፍ ቁራጭ ጋራዥ ውስጥ አለኝ፤ አንድ ጊዜ ሲታሽበት እርጥቡ በረዶ እንደ እንጀራ ከተሟሸ ምጣድ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል።

የማሽኑ መወርወሪያ አፍ የሚደፈነው ደግሞ በረዶው እርጥብ ሆኖ ሳለ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሠራ ነው። ሞተሩን እስከ ከፍተኛው ፍጥነት አድርሰው የማሽኑን ስፋት ግማሽ ብቻ እያስገቡ ቢሄዱ በረዶው ሳይከማች ይወጣል፤ አስቀድሞ የአፉን ውስጥ ሲሊኮን መርጨትም ይረዳል። ተደፍኖ ከተገኘ ሞተሩን ያጥፉ፣ የሚሽከረከረው ሁሉ እስኪቆም ይጠብቁ፣ ከዚያም ከማሽኑ ጋር በሚመጣው ማጽጃ ወይም በጠንካራ እንጨት ይፈንቅሉት። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን እጅዎን አያስገቡ። በበረዶ የተያዘው ጥምዝምዝ ውጥረት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ በረዶው በተነሳለት ቅጽበት ይሽከረከራል፣ ጣት የሚቆረጠውም ያን ጊዜ ነው።

ጨው ተነስንሶ ግግሩ አልቀለጠም

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ቤት በገዛን በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ባሳየበት ጠዋት አንድ ሙሉ ከረጢት የተራ ድንጋይ ጨው መግቢያው ላይ ነሰነስኩ። ከሥራ ስመለስ ፍሬው ሁሉ በግግሩ ላይ እንደ ተበተነ ሽምብራ ተቀምጧል፤ አንዱም አልሰመጠም፣ ከሥሩም አንዲት ጠብታ ውሃ አልነበረም።

ጨው በራሱ ሙቀት የለውም። በግግሩ ላይ ያለች ስስ ውሃ ውስጥ ሟምቶ ነው የውሃውን የመርጊያ ነጥብ ዝቅ የሚያደርገው፤ ብርዱ እየጠነከረ ሲሄድ ያች ውሃ ትጠፋለች፣ ጨውም የሚሟሟበት ያጣል። ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ላይ 1 ኪሎ ጨው 46 ኪሎ ያህል ግግር ማቅለጥ ይችላል፤ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ላይ ግን 5 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 15 ዲግሪ ፋራንሃይት ሲደርስ ሥራው አበቃ ብሎ መቁጠር ይገባል። ከዚያ በታች ካልሲየም ክሎራይድ የተባለው የጨው ዓይነት ይሠራል፤ ሲሟሟ ራሱ ሙቀት ስለሚሰጥና እርጥበት ስለሚስብ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ብርድ እንኳን ግግሩን ይሰብራል፣ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። አየሩ የሚሞቅ ካልሆነና ቀኑን መሻገር ብቻ ከተፈለገ አሸዋ መነስነስ ይሻላል። አሸዋ አያቀልጥም፣ ጫማና ጎማ እንዲይዝ ግን ያደርጋል።

መጠኑም ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው። 12 አውንስ የሚይዝ አንድ የቡና ማግ ጨው 20 ጫማ ርዝመት ላለው መግቢያ ይበቃል፤ በፍሬዎቹ መካከልም ክፍተት መታየት አለበት። በቂ አይደለም ብሎ እፍኝ በእፍኝ መጨመር ግግሩን ፈጥኖ አያቀልጠውም፤ ትርፉ በጸደይ ታጥቦ ወደ ሐይቆቹ ይገባል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውሃ ለዘለቄታው ይበክላል፣ ከውሃው ውስጥም መልሶ የሚያወጣው ቀላል መንገድ የለም። በሐይቆች መካከል ለምንኖር ሰዎች ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከሁሉም በላይ ጨው የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለምና፣ በአካፋ የሚነሳው ሁሉ ከተነሳ በኋላ ብቻ ይነስነስ።

ተጠርጎ ካለቀ በኋላ በመግቢያው አፍ ላይ ግድግዳ ይቆማል

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው መግቢያውን እንደ መሶብ ክዳን አጽድተው፣ ቡና ለማፍላት ወደ ቤት በገቡበት ቅጽበት የከተማው መኪና መንገዱን እየጠረገ ያልፋል። መልሰው ሲወጡ ጉልበት የሚደርስ፣ ከመንገዱ ጨውና ከጎማ ጥቁር ዝቃጭ ጋር የተቦካ ክምር የመግቢያውን አፍ ዘግቶታል። ሾፌሩ ክፋት የለውም፤ ከመኪናው ፊት የተገጠመው ትልቅ የብረት ምላጭ በረዶውን ወደ ቀኝ ጠርዝ እንዲያወጣ የተሠራ ስለሆነ በየመግቢያው አፍ መዝጋቱ አይቀርም።

መፍትሔው ቦታ ማዘጋጀት ነው። መግቢያዎ ላይ ቆመው ፊትዎን ወደ መንገዱ ሲያዞሩ መኪናው የሚመጣው ከግራዎ ነው። ስለዚህ ከመግቢያው በስተግራ፣ በመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ የአንድ መኪና ርዝመት ያህል ቦታ አስቀድመው ጠርገው ክፍት ይተዉ፤ ምላጩ የያዘውን እዚያ ያራግፍና በእርስዎ አፍ ሲያልፍ ባዶ ሊሆን የቀረበ ይሆናል። የራስዎን በረዶ ደግሞ በስተቀኝ ይከምሩ፤ በግራ የከመሩት ተገፍቶ ወደ እርስዎ ይመለሳል። በረዶውን ወደ መንገዱ መግፋት በሚኔሶታ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ አይሞከር። ግድግዳው ከቆመ ግን ፈጥኖ ማንሳት ግዴታ ነው፤ ያ የተቦካ ክምር ጥቂት ሰዓት ካደረ አካፋ አይገባውም፣ ባለ አንድ ደረጃውም ማሽን ይዘልለዋል እንጂ አይበላውም።

በጎማ ዱካ ላይ ሁለት የማይነሱ መስመሮች ይቀራሉ

ሳይጠረግ መኪና ስለተነዳበት ነው። መኪናውን ከማንቀሳቀስ በፊት ቢያንስ ጎማዎቹ የሚሄዱበትን መስመር ይጥረጉ። ከተጠቀጠቀ በኋላ ቀጥ ያለ ብረት መፋቂያ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ የወጣችበትን ቀትር መጠበቅም ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል።

ኮንክሪቱ እየተቀረፈ ነው

የቀለጠው ውሃ ወደ ኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ገብቶ ሲረጋ ስለሚሰፋ ፊቱን ያነሳዋል፤ ጨው ይህ መቅለጥና መርጋት እንዲደጋገም ያደርጋል። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ምንም ጨው በአሸዋ ብቻ ይለፍ። አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ ኮንክሪቱን በቀጥታ ስለሚያጠቃ በጨው ፋንታ መጠቀም አይገባም።

ማሽኑ አይነሳም፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ ጥምዝምዙ አይዞርም

ባለፈው ወቅት ጥሩ የሠራ የቤንዚን ማሽን በኅዳር አልነሳ ካለ፣ ከካንዴላው በፊት ቤንዚኑን ይጠርጥሩ። በጋውን ሙሉ የቆየ ቤንዚን ይበላሽና የካርቡሬተሩን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ መሙላት፣ ካልሆነም ካርቡሬተሩን ማጠብ ያስፈልጋል። ለወደፊቱ በሚያዝያ ከማስቀመጥዎ በፊት ቤንዚኑን አሟጠው ያውጡ። ሞተሩን በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት ግን አይቻልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ወደ ቤትም ይገባል።

ሞተሩ እየሠራ ጥምዝምዙ አንድ ወገን ብቻ ከቆመ፣ ጊርቦክሱን ለማዳን ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራው ትንሽ ብሎን ተሰብሯል ማለት ነው። ቦታው ላይ የተራ ብሎን መግጠም ትልቅ ጥፋት ነው፤ በሚቀጥለው ድንጋይ ብሎኑ ሳይሰበር ጊርቦክሱ ይሰበራል። ሁለት ሦስት መለዋወጫ ብሎን ገዝተው ማሽኑ አጠገብ ያስቀምጡ።

ጊዜም አቅምም የለም

ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ ለታመመ ወይም ለአረጋዊ ወላጅ ትክክለኛው ምርጫ ሰው መቅጠር ነው፣ ይህም አያሳፍርም። ከመስማማትዎ በፊት ስንት ኢንች ሲወርድ እንደሚመጣ፣ ሂሳቡ በመጣ ቁጥር ነው ወይስ ለወቅቱ በሙሉ፣ በረዶውን የት እንደሚከምር፣ የእግረኛውን መንገድ ይጨምር እንደሆነና የከተማው መኪና ካለፈ በኋላ ተመልሶ አፉን ይከፍት እንደሆነ በጽሑፍ ይያዙ። የእግረኛው መንገድ ጉዳይ በቀላሉ አይታይ፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ባለቤት በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያጸዳው ይገደዳል፣ ተቀጣሪው ቢዘነጋው የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ሣሩና የአበባ መደቡ በምላጭ እንዳይነሳ የመግቢያውን ሁለት ጠርዝ በረጃጅም ዘንጎች ምልክት ያድርጉ። ዘንጎቹ የሚተከሉት መሬቱ ሳይረጋ ነው። በፈረንጆቹ 1991 ኦክቶበር 31 የጀመረው በረዶ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል 28.4 ኢንች አውርዶ ነው ያቆመው፤ ስለዚህ የእኔ ዘንጎች መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ይተከላሉ።