ድንጋዩ ጸጉር ያበቀለበት የባሕር ውኃ አኳሪየም

ዱባይ ውስጥ አኳሪየም እየዞርኩ ስጠግን አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ባለቤቱ ለረጅም እረፍት ሄዶ ገንዳው ወደተረሳበት ቤት ነው። ሙቀትና ጨዋማነት መለካት እንደምታውቁ ቆጥሬ ልጀምር።

ኮራሉ፣ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው የባሕር እንስሳ፣ ተጨማዶ አልከፈት ብሏል። የሚተነው ውኃው ነው፤ ጨው አይተንም። የጎደለውን በጨው ውኃ የሚሞላ ሰው ካለ ጨዋማነቱ በሊትር ከ35 ግራም ገደማ ተነሥቶ 40 ያልፋል። ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ መልሱት፤ በቀን ከ1 በላይ አትቀንሱ። ጠቋሚው የሚወዛወዘውን ርካሽ የፕላስቲክ መለኪያ ግን ጣሉት። አንዲት የአየር አረፋ ከተጣበቀችበት የሌለ ጨው ያሳያል።

ፓምፑ ደክሟል። ኖራ ይዞታል። ፈታታችሁ ኮምጣጤና ውኃ ውስጥ አሳድሩት።

አሸዋው ሲነካ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አታማስሉት! ከሥሩ የሚወጣው ጋዝ ዓሣ ይገድላል። በቱቦ እየሳባችሁ በየሳምንቱ ሩቡን ብቻ አውጡ።

ድንጋዩ አረንጓዴ ጸጉር፣ ማለትም ጸጉር የመሰለ አልጌ፣ አብቅሏል። ስልኬ የሚጮኸው በዚህ ነው። ባለቤቱ ከምግብ ትራፊ የሚመጣውንና አልጌውን የሚመግበውን ንጥረ ነገር «ፎስፌት ለክቼ ዜሮ ነው» ይለኛል፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ሦስት ጠርሙስ የአልጌ ማጥፊያ ተደርድሯል። ውኃው ውስጥማ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ጸጉሩ በልቶታል። ዋናው ክምችት ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው። ቅቤ የጠገበ ሸክላ ድስት የቱንም ያህል ቢታጠብ እሳት ሲነካው ቅቤውን እንደሚተፋ፣ ለዓመታት የተትረፈረፈ ምግብ ፎስፌት ያጠገበው ድንጋይም ውኃው በጸዳ ቁጥር መልሶ ይለቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጸጉሩን በእጅ ንቀሉ፤ በሌላው እጅ ቱቦ ይዛችሁ የተነቀለውን ወዲያው ሳቡ። የሚወጣውን ድንጋይ ከገንዳው በተቀዳ የጨው ውኃ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። በየሳምንቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ውኃ ቀይሩ፤ መብራቱንም በቀን ወደ 7 ሰዓት አውርዱ። ከዚያ በብረት ኦክሳይድ የተሠራውን የፎስፌት መሳቢያ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ ጀምሩ። ፎስፌት በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ኮራሉ ከጫፉ እየነጣ ይሞታል። በየሦስት ቀኑ እየለካችሁ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር መካከል አቁሙት። ዜሮ አታድርጉት፤ ዜሮ ላይ ሌላ መዘዝ ይመጣል፤ አረፋ ያዘለ ቡናማ ንፍጥ፣ ከጸጉሩ የባሰ። ልኬቱ ወርዶ እንደገና ቢወጣ ድንጋዩ እየለቀቀ ነውና አትደንግጡ፤ ወራት ይፈጃል። ቀንድ አውጣ የምታስገቡት ጸጉሩ ሲያጥር ነው። ረጅሙን አይነኩትም።

አንድ ቪላ ውስጥ አራት ወር ሙሉ ጸጉር ስነቅል ከረምኩ። በመጨረሻ የሚጨመረውን ውኃ ራሴ ለካሁ፤ ውኃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካው ቆጣሪ ዜሮ ማሳየት ሲገባው 180 አሳየኝ። የማጣሪያው ሬዚን፣ የሟሟውን ከውኃው የሚይዘው ጥቃቅን ፍሬ፣ ካለቀ ቆይቷል፤ ሠራተኛው ደግሞ በቅንነት ባልዲውን በየቀኑ ይሞላል። እሱን አልወቅስም፤ ያሳየው ሰው የለም። የምወቅሰው ሲገዛ ጀምሮ ቀለሙ ገርጥቶ ያለቀ ሬዚን የሚሸጠውን ነው። አሁን የትም ቤት ስገባ ከገንዳው በፊት ባልዲውን እለካለሁ።

ብዙ የማይገጥም፦ አይፕታዚያ የሚባለውን ቡናማ የባሕር አበባ አትፋቁት፤ ከቁራጩ ይበቅላል። ማሞቂያው ጠፍቶም የሚያሞቅ ከሆነ ዛሬውኑ ለውጡት።

ድንጋይ ለማጽዳት ብላችሁ በፍጹም አትቀቅሉ። ድንጋዩ ላይ የሚበቅሉት አንዳንድ ዞአንቲድ የሚባሉ ኮራል መሰል እንስሳት ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ አላቸው፤ እንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ያስገባል። ሲፈትጉም ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ማጽዳትም አይሆንም። አንድ ደንበኛዬ ሳይጠራኝ ዓርብ ድንጋዩንም አሸዋውንም ማጣሪያውንም በቧንቧ ውኃ አጠበ። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አብረው ታጥበው ሄዱ። ቅዳሜ ማታ ደወለልኝ፤ ውኃው እንደ ብርጭቆ ጠርቷል፣ ዓሦቹ ግን ላይ ተንሳፍፈዋል።