አማልክት ያሉበት የምናብ ዓለም እንዴት ይፈጠራል? ከጣርማበር ጉም እንጀምር

የምናብ ታሪክ የሚጽፉ ልጆች ብዙ ጊዜ ከስም ይጀምራሉ። የመብረቅ አምላክ፣ የባሕር አምላክ፣ የጦር አምላክ። እኔ ከፍርሃት ጀምሩ እላለሁ። ሰው የሚለማመጠው የሚፈራውን ነው።

ሰሜን ሸዋን እንውሰድ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ ጣርማበር ላይ ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል። ዋሻውን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ጃኬት ማውለቅ ያምራችኋል። የመንዝ ገበሬ ውርጭ ያስፈራዋል። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ውርጭ ምኑ ነው? እሱን የሚያሳስበው የዝናብ መቅረት ነው። እንግዲህ የዓለማችሁን ካርታ ሣሉና በየቦታው ሰውን እንቅልፍ የሚነሳውን ነገር ጻፉበት። አማልክታችሁ እዚያ አሉ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ አንድ ሥልጣንና አንድ የማይችለው ነገር ስጡት። የእኔዋ እመ ውርጭ ብርድ ታወርዳለች፣ ትመልሳለች። እሳት የሚነድበት ቤት ግን አትገባም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ዋጋ። አስማት በነጻ ከሆነ ታሪኩ ይሞታል። ዋጋው ደግሞ ከአምላኩ ጠባይ ይምጣ። እመ ውርጭ የምትቀበለው ሙቀት ነው። አንዲት እናት አለች እንበል፤ ባቄላዋ አብቧል። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የለም። ውርጭ እንደሚወርድ ገብቷታል። ክረምቱን ሙሉ ሱፉን በእንዝርት ፈትላ ያሠራችውን ባና ታወጣና ማሳው ዳር ታነጥፈዋለች። «እንቺ ልበሺው፤ የልጆቼን ጉርሻ ተይልኝ» ትላለች። ጠዋት ባናው እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ባቄላው ተርፏል። እሷ ዓመቱን ሙሉ ያለ ባና ታድራለች። ጸሎቱ አንዲት መስመር ናት፤ አስማቱን የሚያሳምነው ባናው ነው።

አምልኮ መስጠት ብቻ አይደለም፤ መከልከልም አለበት። ለዚህ መንዝ ካለው የሣር ምድር ከጓሳ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። የመንዝ ሰዎች ጓሳን ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል፤ ቦታው ግን ለዓመታት ተከልክሎ ቆይቶ ነበር የሚከፈተው። የእናንተም አምላክ እንዲህ የተከለከለ ደን ወይም ምንጭ ይኑረው። ጊዜው ሳይደርስ የነካው ሰው ምን ይገጥመዋል? እሱን ቁርጥ አድርጋችሁ ወስኑ።

የታቦትም ሆነ የሰው እውነተኛ እምነት ስም ግን አትዋሱ። ሰው የሚሳለምበት ነው።

በመጨረሻ አማልክቱን አጋጩ። ጉም በተኛበት ሌሊት ውርጭ አይጠናም። ስለዚህ ያቺ እናት ጉማይ የሚባለውን የጉም አምላክ ና እያለች ትማጸናለች። በዚያው ሰዓት ጣርማበር ላይ የታመመ ልጅ የጫነ ሾፌር መንገዱ ጠፍቶት ቆሟል። እሱም ጉማይን ተነሥልኝ እያለ ይለምናል። የማንን ይስማ? ታሪካችሁን ከዚያ ሌሊት ጀምሩ።