ሐይቅ የምትሄዱ በጠዋት ውጡ

ከደሴ ሐይቅ የሚባለውን ሐይቅ ለማየት የምትሄዱ፣ ጉዞውን ለከሰዓት አታቆዩት። ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ውኃው ይናወጣል፤ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ መዝናናት ይቀራል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከደሴ ተነሱ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፀሐይ ሳትበረታ ትደርሳላችሁ።

ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይተካዋል። ጠዋት ግን ውኃው መስታወት ነው፤ የዳሩ ደንገል ተገልብጦ ይታያል፣ ወፎቹም ገና አልተበተኑም። በአካባቢያችን ከዚህ የሚያምር ነገር አላውቅም! ጋቢ ያዙ፣ ይበርዳል።

በክረምት ግን ጉሙ ሳይገፈፍ አትነሱ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ድሮ ደሴት የነበረው የእስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ ሴቶችን አያስገባም፤ ቀድማችሁ እወቁት።