«ተማሪዎቹ ወደውታል» ማስረጃ አይደለም

የምህንድስና ዲዛይን ኮርስ ላይ የማስተማሪያ ዘዴ ቀይረው «አዲሱ ሠርቷል» የሚል ሪፖርት ይዘው የሚመጡ ወጣት መምህራን ደስ ይሉኛል። ሪፖርቱን ስገልጠው ነው የሚያናድደኝ።

ማስረጃው ሁልጊዜ ያው መጠይቅ ነው። «ኮርሱ ዲዛይን የማድረግ ችሎታዬን አሳድጎታል» ይላል። ተማሪው «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ያደርጋል፣ አማካይ ይወጣል፣ አለቀ! እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ሃርቫርድ ውስጥ የመግቢያ ፊዚክስ ተማሪዎችን አይቶ ነበር። ራሳቸው እየሠሩ የተማሩት በፈተናው በለጡ፤ ብዙ የተማሩ የመሰላቸው ግን ሌክቸር ያዳመጡት ናቸው። ሰው ሲታገል ያልገባው ይመስለዋል። ዲዛይን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ትግል ነው። እና በመጠይቅ ብቻ ከፈረዳችሁ ጥሩውን ዘዴ ጥላችሁ ደካማውን ልትሾሙት ትችላላችሁ። መጠይቁን ተዉት አልልም። ግን አይተውት የማያውቁትን ችግር ስጧቸው፤ ለየብቻ፣ በወረቀትና በእርሳስ። ስንት አማራጭ አሰቡ? ስለ ተጠቃሚው ምን ጠየቁ? ወይስ የመጀመሪያውን ሐሳብ ይዘው ወደ ስሌት ሮጡ?

ችግሩ ላይ ግን ምሳሌ የሚሆን ንድፍ አታስቀምጡ። ተመራማሪዎቹ ጃንሰንና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት፣ ምሳሌ ያየ ዲዛይነር የምሳሌውን ስህተት ጭምር ይደግማል።

አምናን ከዘንድሮ ማወዳደርም አያስኬድም፤ ባቹም ፕሮጀክቱም ሌላ ነው።

የቡድን ውጤት ሌላው ጣጣ ነው። አምስት ልጆች በአንድ ፕሮጀክት 88 ካገኙ ያ አንድ መረጃ ነው። ኤክሴል ላይ ግን አምስት ጊዜ ይሞላና ናሙናው ያብጣል። ተማሪዎች የበቆሎ መፈልፈያ ፕሮጀክታቸውን የሚያቀርቡበት ዲፌንስ ላይ ተቀምጬ ነበር። ማሽኑ ይሠራል፣ ድሮዊንጉም ያምራል። «የዘንጉን ዲያሜትር እንዴት አመጣችሁት?» አልኩ። አንዱ ወደ ጓደኛው ዞረ፣ ጓደኛው ወደ ሌላው። መልሱ የመጣው ጥግ ላይ ከቆመው ልጅ ነው፤ ስለ መጠምዘዣ ኃይሉም፣ ስለ ቁልመማውም፣ ስለ ብረቱ ዓይነትም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሁሉም ግን እኩል ተሞላላቸው። ያ ቁጥር ስለ ማስተማሪያ ዘዴው ምን ይነግረናል?

እርማቱን ደግሞ አዲሱን ዘዴ ያመጣው መምህር አይሥራው። ስምና ሴክሽን ሸፍናችሁ ለሁለት ሰው ስጡ። ሩብሪኩ፣ ማለትም የነጥብ አሰጣጥ መመሪያው፣ «ፈጠራ፦ 20 ነጥብ» ብቻ የሚል ከሆነ አንዱ 8 ሌላው 18 ቢሰጥ አይግረማችሁ። መጀመሪያ አምስት ስድስት ወረቀት ያርሙና ይጨቃጨቁ፤ ሩብሪኩ ይስተካከል። ከዚያ ወደ ቀሪው።