ያላገባ ማስረጃ ለምታወጡ

ውጭ አገር ልታገቡ ያሰባችሁ፣ ያላገባ ማስረጃውን ተቻኩላችሁ አታውጡ። ብዙ አገሮች ከ3 ወይም ከ6 ወር በላይ የቆየውን አይቀበሉም። መጀመሪያ የምትጋቡበትን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።

እኔ ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ ስመላለስ የከረምኩት በአንዲት ፊደል ነው። የአያቴ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መታወቂያዬ ላይ በአንድ ‹ኤስ›፣ ፓስፖርቴ ላይ በሁለት! ስለዚህ ከወረዳው መስኮት ሳትነሱ ፓስፖርታችሁን ከወረቀቱ አጠገብ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማስተካከል ጣጣ ነው። ፀሐፊዋ ብትነጫነጭም ትነጫነጭ።

ከተተረጎመ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ የአገሩ ኤምባሲ ተራ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፈትታችሁ ከሆነ የፍቺ ማስረጃውንም አብራችሁ አስተርጉሙ።